የቀዝቃዛው ምድጃ ጭስ

ውድ ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። የመጀመሪያው «ለተከበሩ» ብሎ ተነሳ፤ እኛ መሥሪያ ቤት «ለተከበሩ» ተብሎ የተጻፈለት ሰው ደግሞ በሳምንቱ አንድ ነገር ይታሸግበታል። ሁለተኛው «እርስዎ» እያለ አንድ ገጽ ሄደ። የዳቦ ቤትህ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀትም «እርስዎ» ነበር የሚልህ፤ እኛ ከሄድን በኋላ አንብበህ ስትጨርስ «በዕድሜዬ እንዲህ ተከብሬ ተባርሬ አላውቅም» አልክ አሉ። ሦስተኛው «እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ» ብሎ ጀመረና እዚያው ላይ ያዝኩት፤ ውሸቱን ከሰላምታው ነው የጀመረው። ይህ አራተኛው ነው። አንተ እያልኩህ እጽፋለሁ፤ የዱቄት ጆንያ ላይ አስቀምጠህ ያሳደግከኝ አንተ ነህና።

ስደውልልህ አታነሳም። እዚህ የቀረችውን ሚስትህን፣ እትዬን፣ «ምን ይሻላል?» ብላት «ጻፊለት» አለችኝ። «ስልክ ላያነሳ ምሏል፤ ላያነብ ግን አልማለም። ደግሞ ደብዳቤ ሲደርሰው መነጽሩን ጠርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልጁን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። ያንን ዕድል አያሳልፍም።» ስለዚህ ጋሼ፣ መነጽርህን ጥረግ። ጮክ ብለህ የምታነብ ከሆነ ግን መሀል ላይ ድምፅህን ዝቅ የምታደርግበት ቦታ አለ፤ ስንደርስ እነግርሃለሁ።

በመጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳህ። አራት ዓመት ሙሉ ሠርቼው አንድም ቀን በቅጡ አላስረዳሁህም። ለደንበኞችህ «የእህቴ ልጅ አየር ትመዝናለች» ትላቸዋለህ፤ «ዛሬ ስንት ኪሎ ወጣ?» ይሉሃል፤ ትስቃላችሁ፤ እኔም ዳቦዬን ይዤ እወጣለሁ። ነገሩ ከሚዛን ይልቅ ቆጠራ ነው። የዳቦ ትሪ የምታክል፣ አራት የሚሽከረከሩ ክንፎች ያሏት ድሮን አለችን። ሆዷ ሥር የሳሙና መያዣ የሚያክል ሳጥን ታስሯል፤ ሴንሰር የምንለው እሱን ነው። ሳጥኑ አየር ይስባል። ውስጡ ቀጭን ብርሃን አለ፤ ብናኝ በብርሃኑ ፊት ባለፈ ቁጥር ብልጭ ይላል፤ ሳጥኑ ብልጭታውን ይቆጥራል። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ የዱቄቱን ብናኝ ሲደንስ ታሳየኝ አልነበር? እሱው ነው። ልዩነቱ፣ እኛ የሚደንሰውን ሁሉ እንቆጥረዋለን፤ ከበዛ ደግሞ ለባለቤቱ «ለተከበሩ» እንጽፋለን።

መሬት ላይ የቆሙ መለኪያዎችም አሉን፤ ሦስት ናቸው። አንዱ አበባ መካከል ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የምናስጎበኘው እሱን ነው። ሁለተኛው ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በየቀኑ «ብናኝ፦ ዜሮ» ይላል፤ እኛም በዓመታዊ ሪፖርታችን ላይ በኩራት እናስገባዋለን። ሦስተኛው አለቃችን ቢሮ መስኮት ሥር ነው፤ መስኮቱን መቼ መክፈት እንዳለበት ይነግረዋል። አለቃችንን «በአስቸኳይ» እንለዋለን፤ በማናቸውም ወረቀት ጥግ ላይ «በአስቸኳይ» ብሎ ስለሚጽፍ ነው። የዓመት ፈቃድ መጠየቂያዬ ላይም ጽፎበት ነበር፤ በሰባተኛው ወር ፈረመው።

ጣሪያ የምንለካበት ደንብ ግን ጥሩ ደንብ ነው። አንድ ጣሪያ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ካየን ሦስት ጊዜ እንበርበታለን፤ በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በሦስት የተለያዩ ከፍታዎች፤ ዝቅ፣ መካከል፣ ከፍ። ሦስቱ ከተስማሙ ብቻ ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ ይደረጋል። ጥሩ ደንብ ነው ያልኩት የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ከየት እንደሰረቅሁት ደግሞ አንተ ታውቃለህ።

ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ጆንያው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ምድጃው ውስጥ ዱቄት ቆንጥረህ ስትወረውር አይህ ነበር። ትወረውርና ትቆጥራለህ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አሥር ሳትደርስ ከጠቆረ ምድጃው ተቆጥቷል፤ ሃያ አልፎ ነጭ ከሆነ ገና አልነቃም። ከዚያ ሌላ ቁንጥር፣ ደግሞ ሌላ።

«አሁን አይተኸው የለ እንዴ? ለምን ትደግመዋለህ?» አልኩህ አንድ ቀን።

«ይሄ አንድ ምድጃ ይመስልሻል? ሦስት ነው፤ አፉ፣ ሆዱና ጀርባው። አፉ እየሳቀልሽ ጀርባው ሊያሳርርሽ ይችላል።»

«ለምን?»

«የት ቦታ እንደተቆጣ ስለማይነግርሽ።»

«ለምን አይነግረኝም?»

ያን ቀን ነው «ለምን» ብለህ ስም ያወጣህልኝ። እስከ ዛሬ እትዬ «ለምን፣ ነይ ምሳ ብዪ» ነው የምትለኝ። ትክክለኛ ስሜን የሚያውቀው መታወቂያዬ ብቻ ነው።

አሁን ወደዚያ ማክሰኞ ጠዋት እንሂድ። ብሎን ድሮኗን ታበርራለች፣ እኔ ስክሪኑን አያለሁ። ብሎን የመሥሪያ ቤታችን ቴክኒሻን ናት፤ ከንፈሯ መካከል ሁልጊዜ አንድ ብሎን ነክሳ ስለምታወራ ነው ስሟ። ሰፈራችሁን ጣሪያ በጣሪያ እየለካን ስንሄድ ቁጥሩ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ሁለት እያለ ቆየና አንድ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ሁለት መቶ አሥር ገባ። ያ ጣሪያ ላይ ነፋስ ስለበረታባት ብሎን ድሮኗን ዝቅ አድርጋ ነበር። ካሜራው ወደ ታች አየ። የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ ባርኔጣ አለ። ያንን ባርኔጣ ስትቆርጠው መቀሱን ያቀበልኩህ እኔ ነኝ።

«የማን ነው?» አለች ብሎን።

«የአጎቴ።»

«ውይ!» ብሎኑ ከአፏ ወደቀ። «በይ ነገ ከፍ አድርገን እንደግመዋለን፤ ከነገ ወዲያም ደግሞ…»

«አያስፈልግም።»

«እንዴት አያስፈልግም? የራስሽ ደንብ አይደል እንዴ?»

ድምፅህን ዝቅ የምታደርገው እዚህ ላይ ነው፣ ጋሼ።

አያስፈልግም ያልኩት ቁጥሩን ስላመንኩት አይደለም። የማንንም ጣሪያ ሦስት ጊዜ ብዞረው ማንም ምንም አይለኝም። የአጎቴን ጣሪያ ሦስት ጊዜ ብዞረው ግን «ነጻ የሚያወጣው ቁጥር እስኪመጣላት ትበርራለች» እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ያለኝ ሰው የለም። ጭንቅላቴ ውስጥ ግን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ተሰብስቦ፣ ተወያይቶ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈራርሟል። በዚህ የተነሳ ከከተማው ቀይ ነጥቦች ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ የተለካው ያንተ ሆነ። መንገድ ላይ ባያቸው ለማላውቃቸው ሰዎች የሰጠኋቸውን ሁለት በረራ ላሳደገኝ ሰው ነፈግኩት፤ ያውም «አታዳላም» እንድባል ብዬ። ቅጹ ላይ «የበረራ ብዛት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። አንድ ብዬ ብጽፍ ቅጹ ይመለስብኛል። ሦስት ብዬ እንዳልጽፍ ሕሊና አለኝ። ስለዚህ «እንደ ደንቡ» ብዬ ጻፍኩ። ሕሊናዬ ምን ዓይነት ሕሊና እንደሆነ ይኸው ተመልከተው።

የፈለግኩትንም ተባልኩ። አለቃችን ስብሰባ መሀል አስነስቶኝ «ዘመድ አላውቅም ያለች ባለሙያ!» አለ፤ ተጨበጨበ። በአራቱም ማዕዘን ቅጠል የተሳለበት የምስጋና ወረቀት፣ ከነፍሬሙ፣ ሰጡኝ። ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።

በሩ የታሸገ ቀን አብሬ የመጣሁት ደግሞ «ሸሸች» እንዳልባል ነው። እጅህ እስከ ክርንህ ሊጥ ነበር። አሻጊው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበልህ። አልተከራከርክም። እኔን አየኸኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅክ።

«ስንት ጊዜ ለካችሁ?»

«እንደ ደንቡ» አልኩህ።

«እንደ ደንቡ ከሆነ ጥሩ» ብለህ እጅህን ታጠብክ። ከዚያ ወደ አሻጊው ዞረህ «ውስጥ ያለው ይውጣ ወይስ ከነዳቦው ነው የሚታሸገው?» አልከው። አሻጊው መመሪያውን ገልጦ ፈለገ፤ ስለ ዳቦ የሚል አጣ። አንተም አወጣኸው። አሻጊው ለምርመራ ያህል ሁለት በላ፣ ሦስተኛውን ኪሱ ከተተ፣ በሩን አሸገ። አቡኪህ መኪና አጣቢ ሆነ። ሻጭህ ቤቷ ገባች። አንተ በሦስተኛው ቀን ሻንጣህን ይዘህ ልጅህ ወዳለችበት ከተማ ሄድክ። እኔ ምሳዬን ከምስጋና ወረቀቴ ፊት ለፊት ተቀምጬ በላሁ፤ ከሌላ ዳቦ ቤት የመጣ ዳቦ ነው፤ ጨው የለውም።

ነገሩ የሚጣፍጠው ከዚህ በኋላ ነው፣ ጋሼ፤ ድምፅህን ወደ ቦታው መልሰው።

አንድ ቦታ ከታሸገ በኋላ ተመልሶ መለካት ግዴታ ነው። «የእርምጃው ውጤት» የሚባል ሪፖርት አለን፤ እርምጃችን ሁልጊዜ ውጤታማ ስለሆነ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ምድጃህ በቀዘቀዘ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብሎን ድሮኗን ጣሪያህ ላይ፣ ያው በፊት የነበረችበት ቦታ አቆመቻት። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። እሳት ከነበረበት ቀን በሦስት ይበልጣል።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

«ተደብቆ እየጋገረ ነው!» አለ አለቃችን።

«ማኅተሙ አልተነካም» አልኩ።

«በመስኮት ገብቶስ?»

«ከተማው ውስጥ የለም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያጨሰው?»

የሕዝብ ግንኙነቱ እጁን አወጣ። «ምናልባት… የድሮ ጭስ ይሆን? ከርሞ የቆየ?»

ይህ ሐሳብ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል። በመጨረሻም በሙሉ ድምፅ አንድ ረቂቅ ደብዳቤ ጸደቀ፤ «ለተከበሩ… ድርጅትዎ ከተዘጋበት ዕለት ጀምሮ የሚያወጣውን ጭስ እንዲያቆም፣ ካላቆመ በድጋሚ የሚዘጋ መሆኑን በአስቸኳይ እናሳውቃለን።» ያልደረሰህ ማኅተም ያዡ ዕረፍት ወጥቶ ስለነበር ነው። ለዚያ ሰውዬ ዕረፍት እስከ ዛሬ ባለውለታ ነኝ።

እዚያ ስብሰባ ላይ ማፈር ነበረብኝ። አፍሬያለሁም። ግን በመጀመሪያ የመጣው እፍረት አልነበረም፤ ይቅር በለኝ፣ ደስታ ነው። ቀዝቃዛ ምድጃ እንዴት አድርጎ ያጨሳል? ሆዴ ውስጥ ያቺ ጆንያ ላይ የተቀመጠችው ልጅ እግሯን ማወዛወዝ ጀመረች። ስንት ወር ጠፍታብኝ ነበር። ለምን? ለምን በሦስት በለጠ? ለምን እዚያ ጣሪያ ላይ ብቻ?

በማግስቱ ጠዋት ብሎንና እኔ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው ቤታችሁ እትዬ ዘንድ ሄድን። በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆመች።

«ደግሞ ምን ቀረሽ? ግድግዳውን ልትወስጂ ነው?»

«ጣሪያ ላይ ልወጣ ነው፣ እትዬ።»

«ለምን?»

«እሱን ላውቅ ነው።»

ትንሽ አየችኝ። «በይ መሰላሉ ከበስተጀርባ ነው። ሦስተኛው መርገጫ የለውም፤ ራስሽ ነሽ በልጅነትሽ የሰበርሽው።»

ጣሪያህን እንደዚያ አይቼው አላውቅም ነበር። የጎረቤቶችህ ዘመም ያለ ቆርቆሮ ነው፤ ነፋስ ያራግፈዋል። ያንተ ግን ጠፍጣፋ ኮንክሪት፣ ዙሪያውን እስከ ጉልበት በሚደርስ ግንብ የታጠረ፣ ልክ እንደ ዳቦ ትሪ። ዝናብ ከጠፋ አራት ወሩ ነው። ከጭስ ማውጫው የረገፈው ጥላሸትና በየቀኑ ከሚራገፈው ጆንያ የወጣው ዱቄት ተደራርቦ፣ ስረግጠው እንደ ብርድ ልብስ ለሰለሰኝ። ጭስ ማውጫውን ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ባርኔጣው ሥር ሁለት ወፎች ጭድ እያመላለሱ ጎጆ ይሠራሉ።

«በእነሱም ላይ ጻፊባቸዋ» አለች እትዬ፣ ከመሰላሉ ጫፍ ብቅ ብላ። «ያለ ፈቃድ ግንባታ።»

ብሎን ድሮኗን እንደዚያን ዕለት ዝቅ አድርጋ አንሳፈፈቻት። እጄን ከሥሯ ዘረጋሁ። ነፋሷ ወደ ታች ይገፋል። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፤ ካልገፋች በምን ትንሳፈፋለች? ማንም ያልጠየቀው፣ ከዚያ በኋላ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ነው። አየር አይታይም፤ የሥራችን ጣጣ ሁሉ ይኸው ነው።

«የሚያሳየን ነገር ያስፈልገናል» አለች ብሎን፣ በብሎኗ ጎን በኩል። «ትንሽ ጭስ ቢኖር ጥሩ ነበር።»

«ጭሱንማ አሽጋችሁታል» አለች እትዬ።

ያኔ ቁንጥርህ ትዝ አለኝ። «እትዬ፣ ቤት ውስጥ ዱቄት አለ?»

«ከዱቄት በቀር ምን አለ?»

ወንፊቷን ይዛ ወጣችና ጣሪያውን በሙሉ፣ ሊጥ እንደሚዳመጥበት ጠረጴዛ፣ በስሱ ነፋችበት። «ባሌን አባርራችሁ ደግሞ ጣሪያዬን ልትጋግሩ!» እያለች ነው የምትነፋው። ብሎን ድሮኗን አስነሳች።

ጋሼ፣ ባየኸው! በመጀመሪያ ዱቄቱ ከድሮኗ ሥር በክብ ሸሸ፤ ወለሉ ላይ ጥቁር ሳሕን የተደፋ መሰለ። ሽሽቱን ቀጥሎ ከግንቡ ጋር ተላተመ፤ ግንቡን ተደግፎ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ላይ ሲደርስ ታጠፈ፤ እንደ ምንጣፍ እየተጠቀለለ ወደ መሀል ተመለሰ፤ ክንፎቿ ከላይ ሳቡትና እንደገና ወደ ታች፣ በሳጥኑ አፍ ፊት ለፊት። ከዚያ እንደገና። በአራቱም ጎን ነጭ ጎማ የሚሽከረከር ይመስል ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ዱቄት ገባበት። ያቺ ድሮን ያንተን ጭስ ለክታ አታውቅም። የጣሪያህን አቧራ በራሷ ነፋስ እየቀሰቀሰች፣ መልሳ እየዋጠች፣ የዋጠችውን እየቆጠረች፣ እኔን ስታስመሰግን ነው የከረመችው።

ሳጥኑ ዘጠኝ መቶ አለ። ብሎን አነጠሰች፤ ብሎኑ ከአፏ ተወርውሮ ጭስ ማውጫው ውስጥ ገባ፤ ስታነድ ቢያንቃጭል እንዳትደነግጥ። እትዬ ከራሷ እስከ እግሯ ነጭ ሆና፣ ወንፊቷን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ድሮኗን በጣቷ አመለከተች።

«ይቺ ናት ባሌን ከቤቱ ያስወጣችው?»

«አይደለችም፣ እትዬ። እኔ ነኝ። አንዴ ብቻ ነው የለካሁት።»

«አንዴ?»

«አንዴ።»

ዱቄቱን ከፀጉሯ ላይ ቀስ ብላ አራገፈች። «እሱ ሦስቴ ነው የሚጥለው» አለችና ወንፊቷን ይዛ ወረደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ድሮኗን ከፍ አደረግናት፤ ዘጠኝ መቶው ሰማንያ ሆነ። ደግሞ ከፍ፤ ሠላሳ አራት። እንደማንኛውም ጎረቤትህ። አየህ፣ በዚያ ማክሰኞ ማግስት ከፍ አድርገን ብንደግመው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይገባን ነበር። ሦስት ከፍታ የሚለውን የጻፍኩት እኮ ለዚሁ ዓይነት ቀን ነበር። የቀዝቃዛው ምድጃ ቁጥር ለምን በሦስት እንደበለጠ ግን አሁንም አልገባኝም፤ ወፎቹን እጠረጥራለሁ።

ብሎን መፍትሔውን ያገኘችው እዚያው ነው። የእትዬን የመጋረጃ ዘንግ ለምና (እትዬ «መስኮቱንም ውሰጂው» ብላ ሰጠቻት) ሳጥኑን ከድሮኗ ሆድ ፈታ ዘንጉ ጫፍ ላይ፣ ከክንፎቹ ነፋስ ራቅ አድርጋ ወደፊት አሰረችው። ወደፊት እንዳትደፋ ደግሞ ከኋላዋ በፌስታል የተቋጠረ ዱቄት አንጠለጠለችላት። አሁን ድሮናችን አፍንጫዋን አስቀድማ፣ ስንቋን ተሸክማ የምትሄድ መንገደኛ ትመስላለች። ዝቅ ስትልም፣ ከፍ ስትልም ቁጥሯ አንድ ዓይነት ሆነ።

አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ አንድ በረራ ብቻ መሆኑንም። ፍሬሜን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንድነው ይሄ?»

«የምስጋና ወረቀቴ። ልመልስ ነው።»

መሳቢያውን ከፈተ፣ ፈለገ፣ ዘጋ። «የምስጋና ወረቀት የሚመለስበት ቅጽ የለንም።»

ስለዚህ እስካሁን እዚያው ነው፤ የሻይ ብርጭቆውን ያስቀምጥበታል። ለእኔም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎልኛል፤ «ለተከበሩ» ብሎ ነው የሚጀምረው። አሁን እኔና አንተ በዚህም ቤተሰብ ሆነናል።

«እንግዲያው ማኅተሙ ይነሳ» አልኩት።

«ምድጃው ንጹሕ መሆኑ ሳይለካ?»

«ሳይነድ እንዴት ይለካል?»

«ሳይከፈት እንዴት ይነዳል?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እንዳልወጣለት ሲያውቅ ከታችኛው መሳቢያ አንድ ቅጽ አወጣ፤ ርዕሱ «ለሙከራ የሚፈቀድ ጭስ» ነው። እንዲህ ያለ ቅጽ መኖሩን እሱም ያን ዕለት ነው ያወቀው። ለሦስት ጠዋት ይፈቅዳል። ጥግ ላይ «በአስቸኳይ» ብሎ ሲጽፍበት ሰባቱ ወር ታየኝ፤ ግን እዚያው፣ ዓይኔ እያየ፣ ፈረመው። ቅጽ ሲያገኝ ደግ ሰው ነው።

ቅጹ አንድ ሁኔታ ብቻ ያስቀምጣል፤ እሳቱን የሚያነደው ባለቤቱ ራሱ መሆን አለበት። ፈቃዱ የሚጸናው ለሃያ ቀን ነው። ከመንግሥት ይልቅ የምፈራው ግን እትዬን ነው፤ ወፎቹ እንቁላል ከጣሉ ምድጃውን ማንም አይነካም ብላለች፤ እሷ ካለች ደግሞ ምንም ዓይነት ቅጽ አያድንህም። ስለዚህ ከወፎቹ ጋር እሽቅድምድም ላይ ነህ። እነሱ ጎበዞች ናቸው፤ ትናንት ግማሹን ጨርሰዋል።

አሁን ደግሞ እንድትሰማው የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ምድጃህ ንጹሕ ነው እያልኩህ አይደለም። አላውቅም፤ ለክቼው አላውቅማ! ዱቄቱ የነገረኝ የኔን ስህተት እንጂ ያንተን ምድጃ አይደለም። ምናልባት ፍልጡ እርጥብ ነው። ምናልባት ያ ባርኔጣ ጭሱን ወደ ጎረቤት ማጀት እየመለሰው ነው፤ መቀሱን ያቀበልኩህ እኔ ነኝ፣ እዚያም ተጠያቂ ነኝ። ሲነድ እናየዋለን። ካጨሰ፣ ምን ያህል እንዳጨሰ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ለምን እንዳጨሰ አብረን እንፈልጋለን። ላንተ ብዬ አንድ ቁጥር አልቀንስም። ለስሜ ብዬ ደግሞ አንድ ቁጥር አልጨምርም። ይህን ሁለተኛውን ካንተ ጣሪያ በፊት አላውቀውም ነበር።

ልጅህ ለእትዬ እንደነገረቻት፣ እዚያም ጠዋት በሰዓትህ ትነሳለህ አሉ። የምታቦካው ስለሌለህ ወጥ ቤቷ ውስጥ ትቀመጣለህ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የኤሌክትሪክ ምድጃዋ ላይ ዱቄት ቆንጥረህ ጥለህ ስትቆጥር ተይዘሃል። «ስንት ላይ ጠቆረ?» ብላት እትዬ «አልጠየቅኩም» አለችኝ። እንዴት አልጠየቀችም? ስትመጣ ንገረኝ፤ ይሄን ከሰማሁ ጀምሮ ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ሦስት ቦታ ጥለህ እንደቆጠርክ ግን አልጠራጠርም።

ለአቡኪህ ነግሬዋለሁ። «እሱ ይምጣ እንጂ መኪናውን በሳሙናው ጥዬው ነው የምመጣው» ብሏል። ብሎን ዘንጉን ቀብታዋለች፤ እትዬ «መጋረጃዬ ቀለሙን ወዶታል?» እያለች ትጠይቃታለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ ፈቃዱ ነው፤ መጨረሻው ላይ ትፈርምበታለህ። ሌላው የመለኪያ ቅጹ ነው። የጣሪያውን ቦታ፣ የድሮኗን ቁጥር፣ የኔን ስም (እውነተኛውን፤ እንዳትደናገጥ) ሞልቼዋለሁ። ጣሪያው ላይ ከኛ ጋር ትቆማለህ፤ ድሮኗ በተነሳች ቁጥር ጮክ ብለህ ትቆጥራለህ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እንደ ዱቄቱ።

በሩ ላይ ለጠየቅከኝ ጥያቄ መልሱ «አንድ ጊዜ» ነበር። «የበረራ ብዛት» የሚለውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ፣ ጋሼ። እሱን የምትጽፈው አንተ ነህ።

ጆንያው ላይ ነኝ፣

ለምን